የሰው ፓትራ

የካቲት ነው፤ ሉብሊን በረዶ ለብሳለች፣
ቦጉሚዋ ከላይ ፖም ትፈቀፍቃለች።
ጣፋጩን ፖም ንቃ፣ ኮምጣጣውን መርጣ፣
ልጣጩን ሳይበጠስ እንደ ሪባን ልጣ፣
ቅቤውን ከዱቄት በጣት ጫፍ አሽታ፣
ሊጡን ለሁለት ከፍላ፣ አንዱን ለይታ፣
ከበረንዳው ብርድ ላይ ለሰዓት አስተኝታ።
(ፍሪጅ አጥታ አይደለም፤ «ብርዱ በነጻ እያለ
ለመብራት ማን ሞኝ ነው አብዝቶ የከፈለ?»)

ግማሹን ከስር አነጠፈች፣ ፖሙን አስከተለች፣
ቀረፋ በቁንጥር፣ ስኳር በጭልፋ አለች፤
የቀረውን ሊጥ፣ ብርዱ ያደነደነውን፣
እንደ አይብ ፈቅፍቃ አለበሰች ፖሙን።
እኔ የሦስተኛ ፎቁ፣ ያኔ አሥር ዓመቴ፣
የጠራኝ ሽታው ነው፤ አልላከችኝ እናቴ።

ሃያ ደቂቃ ሆነው፤ ጠርዙ ሊቀላ ሲል፣
ሃያ አምስት ሲቀረው፣
መብራቱ ጥፍት አለ።

በጨለማ ከፈተች፤ በጣቷ ነካችው፤
መሃሉ ሊጥ ነው፣ ዳሩ ነው የያዘው።
ጥሬ እንዳይባል ሞቋል፤ በስሏል እንዳይባል...
እንዲህ ያለ ነገር ምን ተብሎ ይበላል?

«ጋዝ ያለው ማነው?» ስል፣ መልሱን እያወቅሁት፣
ፊቷን በባትሪዬ ሲቀየር አየሁት።
ከምድር ቤት ያለችው ገርትሩዳ ብቻ ናት፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰላም ያላለቻት።
ጠባቸው ባል አይደል፣ ገንዘብ አልነበረም፤
አንዲት የኬክ ፓትራ ናት፣ ሌላ ምንም የለም።
«መልሺልኝ» ስትላት፣ «መልሻለሁ» ብላ፣
«አልመለስሽም»፣ «አዎን!»፣ «ዋሾ!»፣ «አንቺ ሌላ!»
እንዲህ ተባብለው ደረጃው ላይ ቆመው፣
ከዚያ ወዲያ ዝም፤ በር ነው የሚሰማው።

አሁን በፎጣ ይዛ ትኩሱን ስታወጣ፣
የባትሪዬ ብርሃን ከፓትራው ስር መጣ፤
ጥጉ ተጨርምቷል፣ ከስሩ በምስማር
አንድ «ገ» ተጭሯል፤ ከ«በ» ዘር አልነበር።
አየችኝ። አየኋት። አልተነጋገርንም።
«ባትሪውን ዝቅ አርግ» አለች፤ «ደረጃው አይታይም።»

ስልሳ አራት ደረጃ፤ ቆጥሬአለሁ ያን ለት፤
በየፎቁ ትቆማለች፤ አይደለም የትንፋሽ እጥረት።
ፖሙ በፎጣው ስር «እፍ፣ እፍ» ይላል፣
የቀረፋው ሽታ ቀድሞን በር ያንኳኳል።

ገርትሩዳ ከፈተች፤ ሻማ ይዛ ቆመች።
ኬኩን አየች። ሴትዮዋን አየች። ጥጉን አየች።
ዓይኗ ጥጉ ላይ ሲደርስ እዚያው ተያዘ፣
የሻማው ሰም ወርዶ ጣቷ ላይ ቀዘቀዘ።
ቦጉሚዋ ልትናገር አፏን ከፈት ስታደርግ፦
«ተይው» አለች ገርትሩዳ፤ «ስታወሪ ይበርዳል።
አስገቢው፤ ምድጃዬ ልኩን ያውቀዋል።»

ይቅርታ አልተባለም። እኔ ስጠብቅ ነበር፤
ልጅ ነኛ፤ ትልልቅ ሰው የሚል ይመስለኝ ነበር።
የተባለው ይህ ነው፦
«ቅርንፉድ ጨምረሻል?»
«ቀረፋ ብቻ።»
«ጥሩ። ቅርንፉድ ፖም ያፍናል።»

ከሰማያዊዋ ነበልባል ፊት፣
ትራም እንደሚጠብቅ ሰው፣ ተደርድረን ቆየን።
መሃል ላይ መብራት መጣ። ማንም አልተነሳም።
ገርትሩዳ እጇን ሰደደችና
አምፖሉን መልሳ አጠፋችው።

ሲቆረስ «ቅርሽም» አለ።
ለእኔ የደረሰኝ የጥጉ ነው፣ የተጨረመተው፤
ስኳሩ የተቃጠለ፣ ጥርስ የሚይዝ፣ ምርጡ እሱ ነው።

ፓትራው እዚያው ቀረ፤ ታጥቦ፣ ከድሮ ሚስማሩ ላይ።
ቦጉሚዋ ድርሻዋን ይዛ ስትወጣ፣
በየፎቁ ሳትቆም፣
ኬኩ የተቀመጠበት ባለ ሰማያዊ ጠርዝ ሳህን
የእሷ አልነበረም።

«ይህንንስ ትመልሺዋለሽ?» አልኳት።
በጨለማው ሳቀች።
«ባዶውን? ምን ነካህ!
ገና ሦስት ኪሎ ፖም አለኝ።»